ባለ እጅ

ዲንግዎል ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣
ጠባብ ሱቅ አለችው፣ አንጥረኛው ሙርዶ።
ዝናቡ እንደ ዱቄት ቀን ሙሉ ሲነፋ፣
መስኮቱ ሲያልበው፣ ውሻው ሲያንቀላፋ፣
እሱ ከመብራቱ፣ እኔ ከመስኮቱ፣
የጎሳ ምልክት እንቀርጻለን ባፎቱ።

ቢላዋው ትንሽ ነው፤ ከስንዝር አይዘልም፣
እጀታው ጥቁር እንጨት፤ ለሽንኩርት አይውልም።
ሰርግ ሲሆን፣ ቀብር ሲሆን፣ ጭፈራ ሲመጣ፣
ወንዱ ካሬ ቀሚስ አጥልቆ ሲወጣ፣
በካልሲው አፍ ይወሽቀዋል፤ እጀታው ብቻ ይታያል፣
ስለቱ ግን ባቱን ተደግፎ ይተኛል።

«ዱሮ» ይላል ሙርዶ፣ መነጽሩን ሲያነሳ፣
«በብብት ነበረ፣ ሰው ደሙን ሳይረሳ።
የሰው ቤት ሲገባ ግን፣ ወጉ ነው ለእንግዳ
ካልሲ ላይ ማውጣቱ፤ የታየ አይከዳ።»

በኔ ቋንቋ ስለት ሁለት ነገር ይላል፤
አንዱ ሥጋ ይቆርጣል፣ አንዱ ለታቦት ይገባል።
ነገርኩት ለሙርዶ። ጥቂት አሰበና፣
«ሁለቱም ይዝጋሉ ካልጠበቋቸው» አለና
ሞረዱን አቀበለኝ።

ማክሰኞ ኢሽቤል መጣች፣ ዓሣ ነጋዴዋ፣
የሟች ወንድሟን ቢላ ይዛ በቦርሳዋ።
የአጋዘን ራስ ነው፣ ዙሪያውን ቀበቶ፣
ጫፉ በዘለበት ዞሮ ተጎትቶ፤
በቀበቶው ላይም የጎሳው ቃል አለ፣
በጣት ብዛት ተፍቆ ግማሹ የጎደለ።

«ለልጄ ልጅ ነው» አለች፣ «ቅዳሜ ይሞሸራል፤
አንዱ ቀንድ ተሰብሯል፣ እስከዚያ ይደርሳል?
አባቱ ፖላንዳዊ፣ ጎሳ የለው እሱ፣
አጋዘኑን እንግዲህ ከኛ ነው መውረሱ።»
ከዚያ ወደኔ ዞረች፣ ዝናብ ከፀጉሯ እየጠረገች፣
«ያንተስ ቤት ምልክቱ ምንድን ነው?» አለች።

ሰባት ቤት ቆጥሬ አያቶቼን አውቃለሁ፣
ምልክት ማን ሰጠን? ከየት አመጣለሁ?
ማረሻ ሲስሉ ክረምት የከረሙ፣
አዝመራ ሲወቃ ከዳር የቆሙ፤
ቀን ማጭድ ያሠራ፣ ሲመሽ «ቡዳ» ብሎ
ልጁን ከዓይናቸው ሸሸገ ከልሎ።
ከዚያ ሁሉ ስድብ አንዱ ለስለስ ያለው፦
«ባለ እጅ»።
እንግዲህ ይኼ ነው የኔ ቤት ያተረፈው።

ይኼን ለኢሽቤል አልነገርኳትም።
«ሐሙስ ይደርሳል» አልኳት፣ ሌላ አልጨመርኩም።
ቀንዱን በብር በየድኩት፤ አዲሱ ከአሮጌው
ትንሽ ይበራል፤ ጊዜ ነው የሚያጠይመው።

ዓርብ ሙርዶ ሲወጣ ውሻውን አስከትሎ፣
ከወዳደቀ ብር፣ ለመጣያ ከዋለ፣
አንድ ክብ ቆረጥኩ፤ ቀበቶ ቀረጽኩ፤
ዘለበቱን አሰርኩ።
ከመሐሉ እጅ።
ግራ እጅ፤ ቀኜ ሲቀርጽ
ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ
ዝም ብላ የታየችው እሷ ናትና፣
ከነጠባሳዋ፣
ከነጎበጠ ትንሽ ጣቷ።
ቃሉ የሚጻፍበትን ግን ባዶውን ተውኩት።

ቅዳሜ ሙሽራው በመስኮታችን ሥር አለፈ፤
ካልሲው ወርዶበት፣ ጎንበስ ብሎ ሰበሰበው፤
አጋዘኑ አንዴ ብልጭ አለ
ከነአዲስ ቀንዱ፣
ከዚያ ጃንጥላዎቹ ከለሉት።

ሰኞ ሙርዶ አገኘው፣ ክቡን ብር፣ ከሞረዱ ሥር።
አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ
ብዙ ጊዜ አየው። ሻዩ ቀዘቀዘ።
«አውራ ጣቱ ወፍሯል» አለ።
ቀጥሎ፣ በጥፍሩ ባዶውን ቀበቶ እየነካ፣
«ቃሉስ?»

እሱ በማይሰማው ቋንቋ መለስኩለት፦
ገና ነኝ፤ አልተሳልኩም።

እንደ ገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ፣
ብሩንም ሳይሰጠኝ፣ ሳይጥለውም፣
ከመስኮቱ ደፍ አኖረው፣
ከሌሎቹ አጠገብ።